ለሐኪሜ ያልነገርኩት አብሽ

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ ክንዴን ስትይዝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ስኳሬ አልነበረም። «እናቴ፣ አብሽ ጠጥተዋል እንዴ?» አለችኝ። ቀሚሴ በላብ ርሶ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ላቤ አብሽ አብሽ ይሸታል። ለእኔ አልሸተተኝም ነበር። እሷ ግን ገና ስትጠጋኝ አወቀች።

ይሄ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ስኳር ኖሮባችሁ ክኒን ወይም መርፌ እየወሰዳችሁ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አብሽ ለምትጠጡ ነው። እናታችሁ ወይም አባታችሁ እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ አንብቡላቸው። አብሽ አትጠጡ ልላችሁ አይደለም። እኔም ጨርሼ አልተውኩትም። ግን አብሽ ይሠራል። የሚሠራ ነገር ደግሞ ይለካል፣ ለሐኪምም ይነገራል። እኔ አልለካሁም፣ አልተናገርኩምም።

ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ከቁርስ ጋር 5 ሚሊ ግራም ግሊቤንክላማይድ ታዘዘልኝ። ክኒኔን አላጓድልም። ሆኖም የጠዋት ባዶ ሆድ ልኬቴ ከ160 አልወርድ አለ። አንድ ቀን 168፣ አንድ ቀን 175። ክትትል በሄድኩ ቁጥር ካርዴ ላይ ያንኑ ሲጽፉ ሆዴ ይባባል።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ጎረቤቴ የአብሽን ነገር አነሳች። በዕድሜ ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። እሷም ስኳር አለባት። «ልጄ፣ ይሄ ክኒን ኩላሊትሽን ሳይጨርሰው አብሽ ጀምሪ። አብሽ ምግብ ነው፣ ምን ያደርግሻል?» አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው፣ ክፋት የሚባል ነገር አታውቅም። እኔም አመንኳት። በኋላ ሐኪሙን ስጠይቀው ግን ኩላሊትን የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር መሆኑን ነገረኝ። ክኒኑ የሚታዘዘው ኩላሊቱም፣ ዓይኑም፣ እግሩም እንዲተርፍ ነው። ይህንን ወሬ ብዙ ሰው አምኖበት ክኒኑን ስለሚያቆም ነው እዚህ ላይ የጠቀስኩት።

አብሹን መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሄጄ ፍሬውን ገዛሁ። የተፈጨ መግዛት አልወድም፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅማ። ለቀምኩት፣ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ከዚያ ምጣድ ላይ አመስ አመስ። አብሽ ሲታመስ ከምጣዱ ዞር አይባልም። ትንሽ ካለፈ ምሬቱ አይቀመስም። ቀለሙ ጠቆር ማለት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲያውደው ይወርዳል። ከዚያ ወፍጮ ቤት።

እናቴ አብሽ ስታዘጋጅ ልጅ ሆኜ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ዱቄቱን ማታ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ትደፋለች። ሌላ ውሃ ትጨምርና ታማስላለች። እንደገና ሲዘቅጥ እንደገና ትደፋለች። ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴ አራት ጊዜ። በመጨረሻ ከሥር የቀረውን በሹካ ትመታዋለች። እየመታችው ይነጣል፣ ኩፍ ይላል፣ እንደ ተመታ እንቁላል አረፋ ይሆናል። ከዚያ ውሃና ትንሽ ማር ትጨምርበታለች። ለጨጓራዋ ነበር የምትጠጣው፣ ያውም አልፎ አልፎ።

እኔ ውሃውን አልደፋሁም። እትዬ «መድኃኒቱ ያለው ምሬቱ ውስጥ ነው» ብላኛለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ አሳድሬ፣ ጠዋት ከነምሬቱ ዓይኔን ጨፍኜ እጨልጠዋለሁ። ክኒኔን የምውጠውም በዚያው ብርጭቆ ነው። ማር የለ፣ ስኳር የለ።

ከአሥር ቀን በኋላ ልኬቴ 139 መጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 121። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የቤት መለኪያዬን ይዤ እትዬ ቤት ድረስ ሮጥኩ። 121 ካመጣልኝ ለምን አልጨምርም አልኩና ሁለት ማንኪያ አደረግኩት። ከዚያ ሦስት። ጢም ያለ የሾርባ ማንኪያ አብሽ 10 ግራም ግድም ይመዝናል። ስለዚህ በቀን 30 ግራም ያህል እየጠጣሁ ነበር። ይህን ሂሳብ የሠራሁት ከጤና ጣቢያ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ምልክቱ ቀድሞ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። በድንገት የማይቻል ረሃብ ይይዘኛል። ራሴን ያመኛል፣ በትንሹ እቆጣለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ትናንትም እንዲህ ነበርሽ» ብላኛለች። ድካም ነው አልኳት። ደም ግፊት መስሎኝ ተለክቼ ደህና ሲሆን ተውኩት። በዚያ ሰዓት ስኳሬን አልለካሁም። ስትሪፕ፣ ማለት ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ወረቀት፣ ውድ ስለሆነ የምለካው ጠዋት ብቻ ነበር፣ እሱም በሳምንት ሁለት ቀን።

ሌላም ነገር ነበር። አብሽ ሆድ ይሞላል። ሦስት ማንኪያ ከጠጣሁ በኋላ ቁርስ አያሰኘኝም። መጀመሪያ እንጀራውን ቀነስኩ። ከዚያ ሻይ ብቻ። በመጨረሻ ሻዩም ቀረ። ክብደት መቀነሴን እንደ ጥሩ ነገር ቆጠርኩት። ክኒኔን ግን እንደ ድሮው፣ ሙሉውን፣ በሰዓቱ እወስዳለሁ።

የዚያን ቀን ከኮተቤ መገናኛ ለመሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አብሹንም ክኒኑንም ወስጃለሁ። ሌላ ምንም አልቀመስኩም። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ረዳቱ «ሒሳብ፣ እናቴ» አለኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ብሮቹን አያቸዋለሁ፣ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንድ ብር አወጣሁና እያየሁት ቀረሁ። ረዳቱ ደግሞ ጠየቀኝ። የሆነ ነገር መለስኩለት፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም። ምላሴ ተሳስሯል።

አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት ነበረች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እጄን ያዝ አደረገችና «ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አፌ ውስጥ አደረገችልኝ። ሹፌሩን አስቁማ፣ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ።

እዚያ ሲለኩኝ 48 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከባድ ነው፣ አእምሮ የሚሠራበትን ስኳር ያጣል። በደም ሥሬ ግሉኮስ ሰጡኝ። ደቂቃ ሳይቆይ፣ ልክ መጋረጃ እንደተገለጠ፣ ክፍሉ ጥርት ብሎ ታየኝ። ሲስተሯ «ዛሬ ምን ምን ወሰዱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክኒኖቹን ነገርኳት። «ሌላስ?» ምንም አልኳት። መዋሸቴ አልነበረም። አብሽ «የወሰድኩት ነገር» ውስጥ ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም። «ታዲያ ይሄ ሽታ?» አለችኝ።

የሽታውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን የረዳኝ እሱ ነው። አብሽ ውስጥ ሶቶሎን የሚባል ጣፋጭ ሽታ ያለው ነገር አለ። የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። ብዙ አብሽ የሚጠጣ ሰው ላቡም ሽንቱም ያን ሽታ ይይዛል። ሽታው ራሱ አይጎዳም። ግን ምን ያህል እንደጠጣችሁ ይመሰክርባችኋል።

ተሽሎኛል ብዬ ልነሳ ስል አልለቀቁኝም። «ግሊቤንክላማይድ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ዳቦ በሻይ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ 66 ገባ። እስከ ማታ እያበሉ እየለኩ አቆዩኝ። ይህን በደንብ ያዙልኝ፦ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ለስላሳ ጠጥቶ ቢነቃ እንኳ ብቻውን ሊተኛ አይገባም። በተለይ በዕድሜ የገፋ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪሜ ጋ ቀረብኩ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀት ወስዶ ሥዕል እየሣለ አስረዳኝ። አብሽ ቅመም ብንለውም ዘሩ የባቄላና የሽምብራ ወገን ነው። ፍሬው ውስጥ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚዝለገለግ አሰር በብዛት አለ። ይህ አሰር ሆድ ውስጥ ምግቡን ይይዘውና ስኳሩ ወደ ደም ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚህ ሌላ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንድታወጣ የሚገፋ አሚኖ አሲድ አለበት። ግሊቤንክላማይድም ሥራው ይኸው ነው፣ ቆሽትን መግፋት። «እርስዎ ላይ ሦስት ነገር ተደራረበ» አለኝ። «ክኒኑ አልቀነሰም። አብሹ ተጨመረ። ምግቡ ደግሞ ቀረ።»

ሦስተኛውን ሰምቼ ነው የደነገጥኩት። ሁሉን ነገር በአብሽ ላይ ላላክክ ነበር። ቁርስ መተዌ ግን የራሴ ነው። ክኒኑን ውጬ ቁርስ ባልበላ፣ አብሽ ባይኖርም ልወድቅ እችል ነበር።

አብሽ ስኳር ያወርዳል የሚለው የጎረቤት ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ ሳነብ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1990 ህንድ ውስጥ ኢንሱሊን ለሚወስዱ ጥቂት ሕሙማን ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት በቀን 100 ግራም ከምግብ ጋር ሰጥተው፣ ስኳራቸው እንደቀነሰ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ጥናቶች ተሠርተዋል። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ መጠኑም ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። ስለዚህ ክኒን የሚተካ መድኃኒት ተብሎ አልተመዘገበም። እነዚያ ሰዎች ግን አብሹ እየተመዘነ፣ ስኳራቸው እየተለካ፣ ሐኪም እያያቸው ነው የወሰዱት። እኔ በማንኪያ እየገመትኩ፣ ማንም ሳያየኝ።

አሁን ምን አደርጋለሁ? ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን አስቆመኝ፣ ሜትፎርሚኑን አቆየልኝ። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲሆን ስኳርን እንዲህ ቁልቁል አይጥልም። ይህንን የወሰነው እሱ ነው፣ ልኬቴን አይቶ። እባካችሁ የእኔን አይታችሁ ክኒናችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች አብሽ አገኘሁ ብለው መርፌ ቢተዉ ሕይወታቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

አብሹን በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ አደረግኩት፣ ጢም ያላለ። ውሃውን እንደ እናቴ ሦስት ጊዜ እደፋለሁ። ምሬቱ ይወጣል፣ በውሃ የሚሟሟውም ነገር አብሮ ይቀንሳል። የሚጠጣውም ውሃ የፈላ ነው። የተዘፈዘፈውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። ከአንድ ቀን በላይ የቆየውን አልጠጣም፣ ሞቃት ቦታ ቶሎ ይኮመጥጣል። የምጠጣውም ከምሳ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይደለም። ከክኒኔ ጋርም አላገናኘውም፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቀዋለሁ። ያ የሚዝለገለገው አሰር ክኒኑንም ይዞ ሊያዘገየው ይችላል። የደም ግፊትም ሆነ የታይሮይድ ክኒን የምትወስዱ እንደዚሁ አራርቁት። ሲጀመር ሆድ ይነፋል፣ አንዳንዴም ያስቀምጣል። መጠኑ ሲቀንስ ይሄ ይቀላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ የስኳር ከረጢት አለ። ስኳር ሲወርድ የሚደረገውን ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ መልሶ መለካት፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም። ከዚያ ምግብ መብላት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም። ይታነቃል። ወደ ጤና ተቋም ማሮጥ ብቻ ነው።

የጾሙን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ራሴን እወቅሳለሁ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ ረመዳንን የምትጾሙ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። የክኒኑ ሰዓትና መጠን ይስተካከላል። በባዶ ሆድ አብሽ ጠጥቶ፣ ክኒን ውጦ፣ ቀኑን ሙሉ መጾም እኔን ታክሲ ውስጥ የጣለኝ ነገር ነው። እኔ ንስሐ አባቴን አማከርኩ። በሽተኛ አትገደድም አሉኝ።

ከስኳር ውጪ ያለውንም ላንሳ። ከእኔ መውደቅ በኋላ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ስለ አብሽ ይጠይቀኝ ጀመር።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ልጇ ስትወልድ ከዚህ በሻንጣ አብሽ ልከንላት ነበር። ጡቷ ወተት እንዲሞላ ብላ በቀን ሁለት ሦስት ብርጭቆ ታጠጣታለች። በአምስተኛው ቀን የሕፃኑ ዳይፐር የተቃጠለ ስኳር መሽተት ጀመረ። ሐኪሞቹ ደነገጡ። በዚያው ሽታ የሚታወቅ፣ ቶሎ ካልተደረሰበት ሕፃን የሚገድል የዘር በሽታ አለ። ደሙን ወስደው መረመሩ። እህቴ ስልክ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነው። የእኔ ላብ ትዝ አለኝና «አብሹን ነግረሻቸዋል?» አልኳት። አልነገረቻቸውም። ሄዳ ነገረቻቸው። ምርመራውም ደህና ሆኖ ወጣ። ሽታው በእናቱ በኩል የመጣ የአብሽ ሽታ ነበር። ያቺን ሌሊት ግን ማንም አልተኛም።

አብሽ ወተት ይጨምራል የሚለው እኛ ጋ ብቻ የሚባል አይደለም። አረቦቹም ሁልባ ብለው ለአራስ ይሰጡታል። የተደረጉት ጥናቶች ግን አንድ ቃል አይናገሩም፣ አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ለውጥ የለውም ይላል። ወተት እንደሚጨምር የማያከራክረው ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊትም ጭምር ማጥባት ነው። አራሷ አብሽ ከጠጣች ሐኪሟም የልጁም ሐኪም ይወቁ። ለሕፃኑ ራሱ ግን የአብሽ ውሃ አይሰጥም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ለሆድ ቁርጠቱ ብለው በማንኪያ የሚያቀምሱ አያቶችን አውቃለሁ። እባካችሁ ተዉ።

እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ በብርጭቆ የሚጠጣውን አብሽ አቁሙት። ማኅፀንን ሊያነቃቃ ይችላል፣ ለፅንሱም ያሰጋል። ወጥ ውስጥ ያለው፣ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው፣ በርበሬ ውስጥ የሚፈጨው አያሳስብም። ልዩነቱ መጠኑ ነው። አንድ ድስት ወጥ ለአምስት ሰው ሲከፋፈል የሚደርሳችሁ አብሽ ቁንጥር አይሞላም። ብርጭቆው ግን ማንኪያ ሙሉ ነው። አብሽ ምግብ ነው የምንለው ስለ ቁንጥሩ ከሆነ ልክ ነው።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ አብሽ የመድኃኒቱን ኃይል ሊጨምረውና ሊያደማችሁ ይችላል። ጠጥታችሁ ከሆነ ደበቅ አታድርጉት፣ ደማችሁ ይመርመር። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያላችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለውዝ ወይም ሽምብራ የሚያስቆጣው ሰው አብሽም ሊያስቆጣው ይችላል፣ ወገኖች ናቸውና። ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረ ቀልድ የለም፣ ወደ ሐኪም ነው።

አብሹን አብቅሎ ጥሬውን በሰላጣ መብላት አሁን አሁን ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ከ3,800 በላይ ሰው ታሞ ከ50 በላይ ሞቷል። ምንጩ ሲጣራ የተገኘው በቅሎ በጥሬው የተበላ አብሽ ነው፣ ፍሬውም ከግብፅ የገባ ነበር። ፍሬው ላይ ያለች ትንሽ ጀርም፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ሲመቻት ከቡቃያው ጋር ትራባለች። እኔ አብሽን በእሳት ያለፈውን እንጂ ጥሬ ቡቃያውን አልነካም።

ለመወፈርም ለመክሳትም ብለው የሚጠጡት ልጆች ይጠይቁኛል። የሚያወፍረው አብሮት የሚገባው ማርና ወተት ነው። የሚያከሳው ደግሞ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ነው። ጤነኛ ለሆነ ሰው መጠነኛ አብሽ ብዙ አይጎዳም። ክብደታችሁ ሳታስቡት ከቀነሰ ግን ስኳርም ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ተመርመሩ።

እትዬን ለመጨረሻ አስቀርቻት ነው። ስወድቅ ከማንም በላይ ያዘነችው እሷ ናት። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» እያለች ሦስት ቀን ቤቴ ተመላለሰች። እሷም እኮ ያንኑ ክኒን ነው የምትወስደው። ረፋድ ላይ እየደከማት ተመልሳ እንደምትተኛ ስትነግረኝ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አብሽ እንደምትጠጣ ራሷ ተናገረች፣ በየቀኑ ስንት ማንኪያ እንደሆነም ጭምር። የክኒኗ መጠን ግማሽ ሆነ።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሬን የሚያሳየው ምርመራ ከ8.1 ወደ 7.2 ወርዷል። አብሹ ነው ለማለት አልደፍርም። ማታ ማታ እየተራመድኩ ነው፣ ዳቦም ቀንሻለሁ፣ ቁርሴንም አልዘልም። አሁን እኔና እትዬ ስትሪፑን በጋራ እንገዛለን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አጥሩን ታንኳኳለች፣ በየተራ ጣታችንን እንወጋለን፣ ቁጥሩን አንድ ደብተር ላይ እንጽፋለን። ዛሬ የእሷ 112 ነው፣ የእኔ 126። ጽፈን ስንጨርስ ቁርስ ቀረበ።